በፈረንሳይኛ እንጀራ ይበላል ወይ?

«የዘጌ ልጅ» ብለሽ የፈረምሽው እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከተሉን የጻፍሽውን ባጭሩ ላስቀምጥ።

ዓምና ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ከፔዳ ግቢ፣ በእንግሊዝኛ ተመርቀሻል። አሁን እዚሁ ከተማ አንድ የግል ትምህርት ቤት ታስተምሪያለሽ። ተማሪ ሳለሽ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ስለ አገራችን ከጻፈው ላይ ጥቂት ገጾች በእንግሊዝኛ አንብበሽ ነበር። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን በተጻፈበት ቋንቋ የማንበብ ሐሳብ አልለቀቀሽም። ፈረንሳይኛ፣ ጣልያንኛና ፖርቹጋልኛ ተምረሽ የሮማንስ ቋንቋዎች ተመራማሪ መሆን ትፈልጊያለሽ። አባትሽ ግን «ቋንቋ መነጋገሪያ እንጂ ሙያ አይደለም፤ በፈረንሳይኛ እንጀራ አይበላም» ብለዋል። የዘንድሮውን የቡና ገንዘብም ለማታ የአካውንቲንግ ዲግሪ መድበውልሻል። ሦስት ታናናሾች አሉሽ። እጮኛ አለሽ። 24 ዓመትሽ ነው፤ «ረፈደብኝ ወይ?» ትያለሽ።

ትንንሾቹን ቶሎ ልጨርሳቸው። አልረፈደብሽም። «አነጋገሬ ያሳፍረኛል» ያልሽው በጊዜ ይስተካከላል፤ ተመራማሪ ደግሞ ከሚናገረው ይልቅ የሚያነበው ይበዛል። ስለ እጮኛሽ የጻፍሽውን አልነካውም። ሁለታችሁ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት።

አባትሽ ያሉትን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ይህን አባባል ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማው ኖሬያለሁ። ለእኔም ተብሏል። ስንቱን ጎበዝ ልጅ ከሚወደው ትምህርት እንዳስወጣው በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ የዛሬው መልሴ አብዛኛው ለእሳቸው ነው። ብታነቢላቸው ደስ ይለኛል።

አባትሽን አከብራቸዋለሁ። ቡና እየለቀሙ ልጅን ለዲግሪ ማብቃት ቀላል ነገር አይደለም። የሚፈሩት ድህነትን ነው፤ ድህነትን ደግሞ ከእኔም ከአንቺም በላይ ያውቁታል። ነገር ግን ቋንቋ ሙያ አይደለም ሲሉ ተሳስተዋል። ያውም ዘጌ ላይ ተቀምጠው!

የእናንተው አገር ልጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1868 ዘጌ ተወለደ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ጣልያን አገር የሄደው ሥዕል ሊማር ነበር። ኑሮ ያቆመለት ግን ቋንቋ ነው። ኔፕልስ ከተማ በሚገኘው የምሥራቃውያን ጥናት ተቋም አማርኛ አስተማረ። የአማርኛን ሰዋስው በጣልያንኛ ጽፎ በ1905 ሮም ላይ አሳተመ። በ1908 ደግሞ ወደ አገራችን ለሚመጡ መንገደኞች በፈረንሳይኛ መምሪያ አወጣ። በዚያው ዓመት ሮም ላይ ያሳተመው ልብ ወለድ ታሪክ የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ ይባላል። የኋላ ፖለቲካው ሌላ ጉዳይ ነው። ከፋሽስት ወራሪ ጋር ወግኗል፤ በዚያ በኩል አርአያ አድርጊው አልልሽም። ሙያውን ግን እዪው። ከዚያው ከዘጌ ቡና ሥር ወጥቶ በጣልያንኛና በፈረንሳይኛ የጻፈ፣ ቋንቋ አስተምሮ የኖረ ሰው ነበር። አባትሽ «ይህ ደግሞ የት የታየ ነገር ነው?» ካሉሽ፣ እዚያው አገራቸው የታየ ነው።

ወደ ሙያው ልግባ። የሮማንስ ቋንቋዎች የሚባሉት ከላቲን የወጡት ናቸው፤ ጣልያንኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ስፓኒሽ፣ ፖርቹጋልኛ፣ ሮማኒያኛ፣ ካታላንኛና ሌሎችም። ጥናቱን በሥርዓት ካቆሙት ሰዎች ዋናው ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ዲትስ ነው። ቦን ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ስድስት ቋንቋዎችን ጎን ለጎን የሚያነጻጽር ሰዋስው ከ1836 ጀምሮ አሳተመ። ሥራው ምን እንደሚመስል ትንሽ ላሳይሽ። በላቲን ሌሊት፣ ወተትና ስምንት «ኖክተም፣ ላክተም፣ ኦክቶ» ነበሩ። መሐላቸው ላይ «ክት» የሚል ድምፅ አለ። ጣልያኖች «ኖቴ፣ ላቴ፣ ኦቶ» አሏቸው። ስፔኖች «ኖቼ፣ ሌቼ፣ ኦቾ» ይላሉ። ፖርቹጋሎች ደግሞ «ኖይት፣ ሌይት፣ ኦይቱ»። ሲያዩት ዝብርቅርቅ ያለ ይመስላል፤ ግን ሕግ አለው። እንዲህ ያለውን ሕግ እየፈለጉ ማግኘት ነው የተመራማሪው ሥራ። ሕጉን የያዘ ተማሪ ደግሞ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቋንቋ በግማሽ ድካም ይማራል። «ሦስቱንም አንድ ላይ ልጀምር?» ብለሽ ጠይቀሻል። አይሆንም። አንዱን በደንብ ያዢ። መጀመሪያው ፈረንሳይኛ ይሁን፤ ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ።

አሁን ወደ ፓኤዝ ልምጣ። በ1564 ማድሪድ አጠገብ የተወለደ ስፔናዊ ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ ማኅበር አባል) ቄስ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ መንገድ ላይ ተይዞ የመን ውስጥ ሰባት ዓመት ገደማ በእስር ማቀቀ። በ1603 አገራችን ገባ። አማርኛና ግዕዝ ተማረ። በ1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሰከላ ድረስ ሄዶ ግሽ ዓባይን አየ። በ1622 ጎርጎራ ላይ ሞተ። ስፔናዊ ይሁን እንጂ መጽሐፉን የጻፈው በፖርቹጋልኛ ነው። ጽሑፉ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ሳይታተም ቆይቶ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሮም ላይ ታተመ። ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉሙ የወጣው በ2011 ነው። አስቢው እስቲ። ከእናንተ ማዶ፣ እዚሁ ሐይቅ ዳር ስለኖሩ አያቶቻችን የተጻፈ መጽሐፍ ነው። እኛ ግን ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ እስኪመልሰው ቁጭ ብለን ጠበቅን።

ከእሱ በኋላ የመጣው የሌላው ኢየሱሳዊ፣ የጄሮኒሞ ሎቦ ነገር ደግሞ ይብሳል። ሎቦ በፖርቹጋልኛ ጻፈ። ጽሑፉ በ1728 በፈረንሳይኛ ወጣ። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ሳሙኤል ጆንሰን ፈረንሳይኛውን አሳጥሮ በ1735 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። እኛ ጋ የሚጠቀሰው ብዙውን ጊዜ ይኸው ሦስተኛ እጅ ላይ የደረሰው ነው።

እነዚህን ጽሑፎች የሚያጠኑ የውጭ ምሁራን አሉ፤ ሥራቸውንም አደንቃለሁ። ሆኖም የመንደርና የሰው ስም በፖርቹጋል ፊደል ተሰባብሮ ስታየው «እንዴ፣ ይህማ እገሌ መንደር ነው» የምትል ሰው ሌላ ናት። የደብሩን ሹመት፣ የእርሻውን ወቅት፣ የታንኳውን አሠራር ከልጅነቷ የምታውቅ ማለቴ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በፖርቹጋልኛም ሲያነብ የማይፈልገው ዩኒቨርሲቲ የለም። አባትሽ ይህን ከአካውንቲንግ ጋር ያወዳድሩት።

አሁን ደግሞ ለአንቺ ደስ የማይልሽን ልናገር። አባትሽ ስለ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። «የሮማንስ ቋንቋዎች ተመራማሪ እንፈልጋለን» የሚል የሥራ ማስታወቂያ ባሕር ዳር ላይ ተለጥፎ አታዪም። አውሮፓም ቢሆን ይህ ወንበር ብዙ አይደለም። በዚህ ሙያ ትልቅ ከተባሉት አንዳንዶቹም መጀመሪያ ሌላ ሥራ እየሠሩ ነው የኖሩት።

ከሁሉም የማደንቀው ኤሪክ አውርባኽን ነው። በ1892 በርሊን ተወለደ። መጀመሪያ የተማረው ሕግ ነው፤ በ1913 በሕግ ዶክትሬት ያዘ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ ዘምቶ ቆሰለ። ከዚያ ሕጉን ትቶ በ1921 በሮማንስ ጥናት ሁለተኛ ዶክትሬት ሠራ። ወዲያው ፕሮፌሰር ሆነ? አልሆነም። ለዓመታት በርሊን የመንግሥት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበር። ቀን መጽሐፍ ያደራጃል፣ በትርፍ ጊዜው ይጽፋል። ማርቡርግ ዩኒቨርሲቲ የተሾመው በ1929 ነው። በ1935 ናዚዎች አይሁዳዊ ስለሆነ ከወንበሩ አስነሡት። ኢስታንቡል ሄዶ አስተማረ። ስሙን ያስጠራውን «ሚሜሲስ» የተባለ መጽሐፍ ከ1942 እስከ 1945 እዚያ ሆኖ ጻፈ። ለሥራው የሚሆኑ መጽሔቶችና አዳዲስ ጥናቶች በእጁ አልነበሩም። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ራሱ ይህን ያነሣዋል፤ የተጻፈውን ሁሉ ማግኘት ቢችል ኖሮ ምናልባት እስከ መጻፍ ላይደርስ ይችል እንደነበር ይናገራል። «ባሕር ዳር ላይ መጽሐፍ የለም» ብለሽ ስታማርሪ ይህን ሰው አስታውሺው።

ኦስትሪያዊው የሮማንስ ቋንቋዎች ተመራማሪ ሊዮ ሽፒትሰርም አለ። በዚያው በአንደኛው ጦርነት ጊዜ የጣልያን ምርኮኞችን ደብዳቤ የሚመረምር የኦስትሪያ ሳንሱር ሠራተኛ ነበር። ምርኮኞቹ «ራበን» ብለው በግልጽ መጻፍ አይችሉም። ስለዚህ ረሃባቸውን እየሸፈኑ ለቤተሰቦቻቸው የሚያሳውቁበት ስንት ዓይነት ዘዴ ፈጠሩ። ሽፒትሰር እነዚያን አባባሎች ለቅሞ በ1920 መጽሐፍ አደረጋቸው። ሰምና ወርቅ እየሰማን ላደግን ለእኛ ይህ ሥራ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በጦርነቱ ጊዜ የያዘው ሥራ ራሱ ጥናት ሆነለት።

አንቺም እንጀራሽን የሚያስገኝልሽ ሥራ ይኑርሽ። ያ ሥራ ግን የግድ አካውንቲንግ መሆን የለበትም።

አካውንቲንግን ንቄ አይደለም። ማታ ማታ ዓመታት ፈጅተሽ ስትጨርሺ፣ ሙያውን ወደው ከተማሩት ጋር ነው የምትወዳደሪው። ልብሽ የሌለበት ነገር ላይ ደግሞ ማንም አይመርጥሽም። አካውንቲንግ ተመርቀው ሲቪ ይዘው ቢሮዬ የሚመጡ ልጆች አሉ። «ለምን ይህን መረጥሽ?» ስላቸው ብዙዎቹ «ቤተሰብ ነው» ይሉኛል። ያው ቤተሰብ አሁን ቤት ቁጭ አልሽ ብሎ ይነዘንዛቸዋል። ይህን ስጽፍ እየተናደድኩ ነው፤ ይቅርታ አልጠይቅም። አባት ገንዘቡን ያወጣል፣ ዕድሜዋን የምታወጣው ግን ልጅቷ ናት።

ስለ ታናናሾችሽም ቁርጡን ልንገርሽ። ማገዝ ተገቢ ነው። ከደመወዝሽ በየወሩ የምትሰጪውን ወስነሽ ለአባትሽ ንገሪያቸው፤ ከዚያ አትቀንሺ፣ አትጨምሪ። የመጀመሪያ ልጅ ስለሆንሽ ብቻ የሦስት ልጆች ወላጅ አትሆኚም። እዚህ ላይ አባትሽ ሊቀየሙኝ ይችላሉ።

ፈረንሳይኛ ይቅደም ያልኩሽ ገበያ ስላለው ነው። የአፍሪካ ኅብረት አዲስ አበባ ነው፤ ከሥራ ቋንቋዎቹ መካከል ፈረንሳይኛ፣ ፖርቹጋልኛና ስፓኒሽ አሉ። የአገራችን የወጪና ገቢ ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ ያልፋል፤ የጅቡቲ መንግሥት ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ናቸው። አየር መንገዳችን ዳካርም፣ አቢጃንም፣ ኪንሻሳም ይበራል። በእርዳታ ድርጅት፣ በትራንዚት ቢሮ፣ በትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ከነጽሑፉ የሚችል ሰው ይፈለጋል። ከነጽሑፉ የምለው በምክንያት ነው። «ቦንዡር፣ ሳቫ» የሚል ሰው ሞልቷል፤ ደብዳቤ አርቅቆ ስሕተት የማይገኝበት ግን ጥቂት ነው። ቱሪዝምን ብቻ ተማምነሽ ግን አትቀመጪ። ጣና ዳር የምንኖር ሰዎች ያለፉት ዓመታት አስተምረውናል። ጎብኚ ሲጠፋ ጀልባው ወደብ ላይ ይውላል፣ አስጎብኚውም ሌላ ሥራ ይፈልጋል።

ጓደኛሽ «ሥራሽን ለቀሽ አዲስ አበባ ግቢና ፈረንሳይኛ ከዜሮ በዲግሪ ተማሪ» ብላሻለች። እኔ አልመክርሽም። አንድ ዲግሪ አለሽ። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ብቻውን የአባትሽን ቡና ይጨርሰዋል።

ማስተማርሽን ያዢ። ደመወዙ ትንሽ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ማስተማር ማታሽንና ክረምትሽን ይተውልሻል። እኔም የመጣሁት በዚሁ ነው። ቀን እንግሊዝኛ አስተምር ነበር፣ ማታ ፈረንሳይኛ እማራለሁ። የግስ እርባታውን በካርቶን ጀርባ ጽፌ ወጥ ቤቱ በር ላይ ለጥፌው ነበር፤ ሽንኩርት እየከተፍኩ «ዤ ስዊ፣ ቱ ኤ፣ ኢል ኤ» እላለሁ። ክረምት ሲመጣ አዲስ አበባ አሊያንስ ፍራንሴዝ እሄዳለሁ፤ ከ1907 ጀምሮ ያለ ተቋም ነው። ጎብኚ ባለበት ወቅት ቅዳሜና እሑድ ጀልባ ላይ አስተረጉማለሁ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደሱ ግድግዳ ሥዕል ፊት ቆሜ፣ ደጎቹ በሁለት ዓይን፣ ክፉዎቹ በአንድ ዓይን ብቻ ለምን እንደሚሳሉ በፈረንሳይኛ ማስረዳት ነበረብኝ። አንድ ቃል ቢጠፋኝ ሰዎቹ ፊቴን ያያሉ። እንደዚያ ያስተማረኝ ክፍል የለም። ኋላ የትርጉም ሥራ መጣ፣ ከትርጉም ሥራ ወደዚህ ወደ ማማከሩ።

ለአንቺ ዛሬ ከእኔ ጊዜ የተሻለ ነገር አለ። የፈረንሳይ ዓለም አቀፍ ሬዲዮና ቲቪ5 ሞንድ ለተማሪዎች በነፃ ትምህርት ያወጣሉ። ኔትወርክ ባለበት ቀን አውርደሽ አስቀምጪ፤ የእኛን ሁኔታ ታውቂዋለሽ። ቢያንስ ቢ1 (መካከለኛ የቋንቋ ችሎታ ደረጃ) እስክትደርሺ ግን የሚያርምሽ ሰው ያስፈልግሻል፤ ከገንዘብሽ ዋናው ለእሱ ይውጣ። ግብሽን በፈተና ለኪው። «ደልፍ» የተባለው የፈረንሳይ መንግሥት ምስክር ወረቀት ከኤ1 እስከ ቢ2 ደረጃ አለው። ጊዜው አያልፍበትም። ፈረንሳይ አገር ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ቢ2 ነው። ለሥራም ቢሆን ከቢ2 በታች ይዘሽ አትወዳደሪ።

ቢ2 ስትይዢ ፖርቹጋልኛን ለማንበብ ያህል ጀምሪ። ያኔ ፓኤዝን አጠገብሽ አድርጊውና የእንግሊዝኛውን ትርጉም እያስተያየሽ አንብቢ። ፈረንሳይኛ ላወቀ ሰው ንባቡ የምትፈሪውን ያህል አይከብድም። ጋሊካ የተባለው የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ ተጓዥ አንትዋን ዳባዲ ከአገራችን የሰበሰባቸው የብራና መጻሕፍት ብዙዎቹ በነፃ ይታያሉ። አዲስ አበባ የሚገኘው የፈረንሳይ የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከል የሚያወጣው፣ ከ1955 ጀምሮ ያለው መጽሔትም «ፔርሴ» የተባለ ድረ ገጽ ላይ አለ። እነዚህን እያነበብሽ ማን ምን እንደሚያጠና ዕወቂ።

ጎን ለጎን ግዕዝ ተማሪ። ይህን አደራ የምለው ነው። ዘጌ ላይ የሚያስተምር መሪጌታ አታጪም። የፖርቹጋሎቹን ጽሑፍ ከእኛ ዜና መዋዕል ጋር ማመሳከር የምትችይው በግዕዝ ነው።

የሁለተኛ ዲግሪ ጊዜ ሲደርስ ፓሪስ ኢናልኮን፣ ኔፕልስ ሎሪየንታሌን ተመልከቺ። ሁለቱም አማርኛ የሚማሩ ተማሪዎች ያሏቸው ተቋማት ናቸው። ሎሪየንታሌ አፈወርቅ ያስተማረበት ነው። አማርኛሽና ግዕዝሽ ከፈረንሳይኛሽ እኩል ይቆጠሩልሻል። የአውሮፓ ኅብረትን ኢራስመስና የጣልያንን የነፃ ትምህርት ዕድሎች በየዓመቱ ተከታተዪ፤ በመጀመሪያው ካልተሳካ በቀጣዩ አመልክቺ።

አባትሽ ጋ በባዶ እጅሽ አትሂጂ። «ቋንቋ እወዳለሁ» ብትያቸው አይሰሙሽም። የቡናውን ገንዘብ ግማሹን ለአንድ ዓመት ብቻ ጠይቂያቸው። ለአስተማሪ ስንት፣ ለመጽሐፍ ስንት፣ ለፈተናው ስንት፣ ለክረምቱ ትራንስፖርትና ማደሪያ ስንት እንደሚወጣ በወረቀት ጽፈሽ አሳዪያቸው። ዓመት ሲሞላ የኤ2 ፈተና ወስደሽ ውጤቱን ይዘሽ ግቢ። ካለፍሽ ቀጣዩን ዓመት ይደግፉሽ። ካላለፍሽ ስለ አካውንቲንጉ እንደገና ለመነጋገር ቃል ግቢላቸው፤ ቃልሽንም ጠብቂ።

እምቢ ካሉ እኔ ላናግራቸው ፈቃደኛ ነኝ። ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ቢሮ ነኝ። ለገበያ በጀልባ ሲመጡ ይዘሻቸው ነይ።